ካርዱን ይዛችሁ መጣችሁ?

የተከበራችሁ ከክትባት በኋላ ልጆቻቸው የተጎዱባቸው ወላጆች ማኅበራችን አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ የጤና ባለሙያዎችና የሕግ ሰዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሳቢያን በባጃጅ የመጣችሁ፣ ከሐረር ደንገጎን ወርዳችሁ ድሬ የገባችሁ፣ ስለ አዳራሹ ሙቀት ይቅርታ። ካሉን ሁለት ቬንትሌተሮች የሚሠራው አንዱ ነው። እሱም የሚነፍሰው ወደ እኔ ነው። የሊቀመንበርነት ጥቅም ይህቺው ብቻ ናት።

አጀንዳው በእጃችሁ ነው። ሪፖርት፣ ሂሳብ፣ ምርጫ። እነሱ ላይ አልቆይም። የምቆየው በአራተኛው ላይ ነው፤ የካሳ ጉዳይ።

በመጀመሪያ ግን ሰፈር ውስጥ የሚወራብንን ላንሳ። "እነዚህ ክትባት ጠል ናቸው" ይሉናል። አይደለንም። የእናቴ ፊት ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ነበረ። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1968 ዓ.ም ነው፤ ያጠፋውም ክትባት ነው። እኔ ራሴ ልጄ ከተጎዳ በኋላ የተወለደችውን እህቱን በ45 ቀኗ ይዣት ሄጃለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ግን ሄጃለሁ። እዚህ የተሰበሰብነው አትከተቡ ለማለት አይደለም። የተጎዳውን ልጅ ማን ይካሰው ለማለት ነው።

የእኔን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለአዲሶቹ በአጭሩ ልድገመው። ልጄ ሦስተኛውን ዙር የወሰደው በሦስት ወር ተኩሉ ነው። ያ መርፌ ለሕፃን የሚወጋው ጭኑ ላይ ነው፤ በፊት በኩል፣ ወደ ውጪ ጎን። የእኔን ልጅ መቀመጫው ላይ ወጉት። እዚያ ጋ ወደ እግር የሚወርድ ትልቅ ነርቭ አለ። ያኔ ይህን አላውቅም፤ ልጄን ይዤ "አይዞህ" እያልኩ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ እናቱ ሳፋ ውስጥ ስታጥበው ጠራችኝ። አንዱ እግር ውኃውን ይራገጣል። ሌላው ዝም ብሏል። "ይቺኛዋ ለምን አትጫወትም?" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ምን አደረግሁ? ፊዚዮቴራፒ አመላለስኩት። ጸበል ወሰድነው። የወጋችው ልጅ የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ ሽማግሌ ላኩ። እኔም ነገር አልወድም፤ ተቀመጥን፣ ተነሳን፣ ቡና ተፈላ። "ልጁ ይሻለው፣ ከዚያ እንነጋገራለን" ተባባልን። በመጨረሻ ጠበቃ ቤት ስሄድ ሰውየው መነጽሩን አድርጎ የክትባት ካርዱን ቀን አየ። በጣቱ ቆጠረ። "ወንድሜ፣ አራት ወር አሳልፈሃል" አለኝ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2143 ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣ ሕግ ነው፣ ዛሬም ይሠራል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ነገሩ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው የጊዜ ገደብ፣ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረዥሙ ይሠራል። ለአብዛኞቻችን ግን ሁለት ዓመት ነው፣ አለቀ። ሽማግሌ ስለተቀመጠ ብቻ ቀኑ ይቆማል ብላችሁ እንዳትተማመኑ። ሽምግልናውን ቀጥሉ፣ ደግ ነው። በጎን ግን ቀኑን ቁጠሩ።

ሁለተኛው ጥያቄ "ማንን ነው የምከሰው?" የሚለው ነው። እዚህ ላይ ባለሙያዎቹን ስሟቸው። ከክትባት በኋላ የመጣን ሕመም አምስት ቦታ ይከፍሉታል። ከክትባቱ ከራሱ ባሕርይ የመጣ፣ ከአመራረት ጉድለት የመጣ፣ ከአሰጣጥ ስሕተት የመጣ፣ መርፌን በመፍራት የመጣ፣ እና እንዲያው የተገጣጠመ። አምስተኛው ይመረናል፤ ግን እውነት ነው። ሕፃን በሦስት ወሩ ሊታመም የነበረውን ሕመም ክትባቱ ስለቀደመው ብቻ ጥፋተኛ አይሆንም። እኛም ወደ ማኅበሩ የመጣን ሁሉ ጉዳይ አንድ ዓይነት ነው ብለን ብንከራከር የማንታመን እንሆናለን።

ስሕተት ከሆነ መንገዱ ይታወቃል። በ2009 ዓ.ም ደቡብ ሱዳን ውስጥ አንዲት መንደር 15 ሕፃናት የኩፍኝ ዘመቻ ላይ ሞቱ። ሲጣራ ክትባቱ ሳይሆን አሠራሩ ነው የገደላቸው። አንድ መርፌ ለአራት ቀን ተደጋግሞ ነበር፣ መድኃኒቱም ያለ ማቀዝቀዣ ነው የዋለው። እንዲህ ያለው ጥፋት በእኛ ሕግ ቁጥር 2028 ይሸፍነዋል፤ በጥፋቱ የጎዳ ይካሳል። ሠራተኛው የመንግሥት ከሆነና ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ፣ በ2126 መሠረት ከመንግሥት ካሳ መጠየቅ ይቻላል። የአመራረት ጉድለት ከሆነ ደግሞ 2085 አለ፤ ዕቃ አምርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርበውን ይመለከታል። ፋብሪካው ግን ባሕር ማዶ ነው። ከድሬዳዋ ሆነህ መጥሪያ እስክታደርስ ልጅህ ያገባል።

ችግሩ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ክትባቱ ደኅና፣ ነርሷ ጎበዝ፣ ማቀዝቀዣው ቀዝቃዛ። ሁሉም ሥራውን በትክክል ሠርቶ፣ አልፎ አልፎ አንድ ልጅ ይጎዳል። የዚህን ልጅ አባት "ማን አጠፋ?" ብትሉት መልስ የለውም። ጥፋተኛ ከሌለ ካሳ የለም። ልጁ ግን አለ። እኔ ሊቀመንበር ሆኜ የምታገለው ለዚህ ልጅ ነው፤ የራሴ ልጅ ጉዳይ ከእሱ ይቀላል።

ሌላው ዓለም ይህን ቀድሞ አስቦበታል። ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1961 ጀመረች። እንግሊዝ በ1979 ሕግ አወጣች። ዛሬ 60 በመቶና ከዚያ በላይ አካሉ ለተጎዳ 120,000 ፓውንድ በአንድ ጊዜ ትከፍላለች። 59 የሆነ ምንም አያገኝም፤ እሱን አልወደድኩላቸውም። አሜሪካ ከ1988 ጀምሮ የራሷ ፈንድ አላት። እያንዳንዱ ዶዝ ለሚከላከለው ለእያንዳንዱ በሽታ 75 ሳንቲም ግብር ይቆረጣል፣ ገንዘቡ ለተጎዱ ይውላል። እናት የነርሷን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅባትም። በእነሱ ሂሳብ ካሳ ያገኘው ሰው ከተሠራጨ አንድ ሚሊዮን ዶዝ አንድ ገደማ ነው። ስለዚህ "ካሳ ከጀመርን ካዝናው ይራቆታል" ለሚሉን መልሱ ይኸው።

ሩቅ አገር ነው እንዳትሉ፣ እኛም ዘንድ ደርሶ ነበር። በኮቪድ ጊዜ ክትባት ለአገሮች ያዳርስ በነበረው ዓለም አቀፍ ጥምረት፣ በኮቫክስ በኩል፣ ክትባት ላገኙ 92 አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ያለ ጥፋተኛ የሚክስ ፕሮግራም ተቋቁሟል። ማመልከቻው ነፃ፣ ጠበቃ አያስፈልግ። ገንዘቡ ከለጋሾች በየዶዙ ተሰልቶ ነው የመጣው። እስቲ እጅ አውጡ፤ ያኔ ስንቶቻችሁ ሰምታችሁ ነበር? አያችሁ። መብት ሰፈር ድረስ መጥቶ በር ሳያንኳኳ ሄደ።

እኛ ጋ ክትባት በነፃ ስለሆነ 75 ሳንቲሙ ከማን ይቆረጥ የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። ዛሬ የምናጸድቀው ደብዳቤ ረቂቅ ይህን በግልጽ ያነሳል። ለጤና ሚኒስቴርና ለፍትሕ ሚኒስቴር ይላካል። አንድ ሌላ ነገርም ጨምረንበታል። ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ በቁጥር 2116 ጣሪያ አለው፤ 1000 ብር። በ1952 ዓ.ም ስንት ይሆን እንደነበር አባቶች ንገሩን። ዛሬ 1000 ብር ይዞ ቀፊራ የወጣ ሰው ዘንቢሉን ሳይሞላ ይመለሳል። አቦ፣ ይሄ ለእናት እንባ ነው?

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለውን እንሥራ። የፌዴራል ፍርድ ቤት እዚሁ ድሬዳዋ ያስችላል፤ ክስ ለመክፈት አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት የለም። የዳኝነት መክፈያ ያጣ በድሃ ደንብ እንዲከስ ማመልከት ይችላል። አቤቱታ ለጤና ተቆጣጣሪው የባለሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴም ይቀርባል፤ የእነሱ ውሳኔ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ክብደት አለው። ልጁ በታመመ ጊዜ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ "ከክትባት በኋላ የመጣ ነው" ብላችሁ አስመዝግቡ። ካልተጻፈ አልሆነም።

ከሁሉ በፊት ግን ካርዱ። ባለፈው ወር አንዲት እናት የልጇን ካርድ ከሌማት ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። ላብና ዘይት ጠጥቶ ቀኑ ጠፍቷል፤ የክትባቱ መለያ ቁጥር የነበረበት ቦታ ላይ የቀረው የበርበሬ ምልክት ነው። ያቺ ቁጥር ከሌለች የትኛው ምርት እንደሆነ ማን ይመሰክራል? ጤና ጣቢያው መዝገብ ውስጥ ካልተገኘች በቀር ማንም።

ለዚህ ነው መጋበዣው ላይ ካርዱን ይዛችሁ ኑ ያልነው። በሩ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ማሽን አለ። ጸሐፊያችን ለእያንዳንዱ ልጅ ፋይል ከፍታለች፤ ሽፋኑ ላይ ሁለት ዓመቱ የሚሞላበትን ቀን በቀይ ትጽፍበታለች። መብራት መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ፣ ሻዩ ኋላ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ተሰለፉ። ጉባኤው ተከፍቷል።