የሞቱት ተከትበው አልነበር ወይ?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ኮቪድ በበረታበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኝ ነበር። «ከሞቱት ብዙዎቹ ተከትበው የለም እንዴ? ታዲያ ማጠናከሪያው ምን ፈየደ?» ማጠናከሪያ የሚሉት ከመጀመሪያዎቹ ክትባቶች በኋላ የሚሰጠውን ተጨማሪ ዶዝ ነው። ጠያቂዎቹ በክፋት አልነበረም የሚጠይቁት። ቁጥሩን አይተው ግራ ገብቷቸው ነው።

እስቲ አብረን እንቁጠር። 1,000 አረጋውያን አሉ እንበል። 900ዎቹ ማጠናከሪያውን ወስደዋል፣ 100ዎቹ አልወሰዱም። ቫይረሱ መጣ። ከወሰዱት 9 ሰዎች ሞቱ፣ ካልወሰዱት 5። የሟቾችን ዝርዝር ብቻ ያየ ሰው «የተከተቡት በለጡ» ቢል አይፈረድበትም። ግን 9ኙ የሞቱት ከ900 ሰው ነው፤ ከመቶ አንድ። 5ቱ የሞቱት ከ100 ሰው ነው፤ ከመቶ አምስት። ሁሉም ሳይወስዱ ቀርተው ቢሆን፣ በዚሁ ስሌት ከ900ዎቹ 45 ሰው እናጣ ነበር። 36 ሰው ተረፈ ማለት ነው። እነዚህ 36 ሰዎች በየትኛውም ዝርዝር ላይ አይገኙም። ቤታቸው ቁጭ ብለዋል።

ይህ ምሳሌ ነው። በእውን የሆነውን ደግሞ እንይ። እስራኤል ለአረጋውያን ሦስተኛ ዶዝ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 መጨረሻ ነው። እዚያ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ840,000 የሚበልጡ ሰዎችን ለ54 ቀናት የተከታተለ ጥናት፣ ማጠናከሪያውን በወሰዱት ላይ በኮቪድ የመሞት ዕድል በ90 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቷል።

እኔ ግን ይህን 90 እንዳለ አልወስደውም። ለምን? ለክትባት ተሰልፎ የሚቆም ሰው ቀድሞውኑ የመቆም አቅም አለው። አልጋ ላይ የዋለን፣ ትንፋሽ ያጠረውን ሽማግሌ ማን ሰልፍ ይዞት ይሄዳል? ስለዚህ ያልወሰዱት ወገን ከመነሻው ደካሞች ይበዙበታል። የክትባቱ ጥቅም ከልኩ ገዝፎ ሊታይ ይችላል። ተመራማሪዎችም በዚሁ ነጥብ ተከራክረዋል። ጥቅሙ ግን በዚህ አይጠፋም፤ ብዙ ሰው ከሞት አትርፏል። ሰው እንዲያምነን ከፈለግን ይህንንም አብረን መናገር አለብን።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። ከክትባቱ ወራት ሲያልፉ በደማችን ያሉት ቫይረሱን የሚከላከሉ ፀረ እንግዳ አካላት ይቀንሳሉ። ያኔ በቫይረሱ መያዝ ይቀላል። ከከባድ ሕመምና ከሞት የሚጠብቀን አቅም ግን ቶሎ አይሄድም፤ ሰውነታችን ጠላቱን ያስታውሳል። በእርጅና ይህ ትውስታ ይላላል። ማጠናከሪያው አረጋውያንን አብልጦ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ጤነኛ ወጣት ድሮም የመሞት ዕድሉ ትንሽ ስለሆነ፣ የሚቀነስለትም ትንሽ ነው።

ሆንግ ኮንግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የሆነውን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ኦሚክሮን የተባለው የኮቪድ ዝርያ ማዕበል ሲገባ ክትባት አልጠፋም ነበር። ነገር ግን ከሁሉም ይልቅ ያልተከተቡት በዕድሜ የገፉት ነበሩ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም አንድም ዶዝ አልወሰዱም።

የሟቾችን ቁጥር የምታወጡ ባለሙያዎች፣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። «ይህን ያህል ሞተ» ስትሉ ከስንት ሰው እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ፤ በዕድሜም ለዩት። ሌላው፣ ማጠናከሪያ ሲታደል ከአልጋ መነሳት ያቃታቸውን ቤታቸው ድረስ ሂዱላቸው። ከሰልፉ በፊት።

አመሰግናለሁ።