የእማማ አውራ ጣት

ሰላም ሰላም። የሚንጫጫው ቆርቆሮው ነው፤ የጅማ ሐምሌ አይለመንም። የእህቴን ማንኪያ ገና አልመለስኩም፣ አትጠይቁኝ። እሷም እየሰማች ነው።

እሺ። ዛሬ ስለ እማማ ነው።

ሦስት ሳምንት ያስለፈለፈኝን የቡና ተባይ ታስታውሳላችሁ፤ አንቴስቲያን። ጀርባው ጋሻ የመሰለ፣ ጥቁሩ ላይ ብርቱካናማና ነጭ ጠቃጠቆ ያለበት። ሲያምር! ከጥፍር የማይበልጠውን የሻይ ሳህን አሳክዬ ሊኖሊየም ላይ፣ ማለት ለህትመት በሚፈለፈል ለስላሳ ንጣፍ ላይ፣ ቀረጽኩት። ነጭ የሚሆነውን ትፈለፍላላችሁ፣ የቀረው ቀለም ይይዛል። ስድስቱም እግር ከደረት ነው የሚወጣው። እኔ መጀመሪያ ሁለቱን ከሆዱ አውጥቼ አንድ ሙሉ ሊኖሊየም ጥያለሁ። ይቅር።

ብቻ ቀለሙን በሮለር ቀባሁ፣ ወረቀት አለበስኩ፣ በማንኪያው ጀርባ ፈተግኩት፣ ገለጥኩ። ቆንጆ ወጣ። እንደረጠበ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።

እማማ ቡና ሊጠሩኝ ገቡ። ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጭፍልቅ! መሃል ጀርባው ላይ። ጫን አድርገው ጠምዘዝም አደረጉት። ጣታቸውን አንስተው አዩና፣ «ሞተ?» አሉኝ።

እኔ ሳቅሁ። ኧረ እንደ እብድ ነው የሳቅሁት። እሳቸው አልሳቁም። ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና «ነይ፣ ቡናው በረደ» አሉ።

እና... ቀልደው ነው? እማማን ታውቋቸዋላችሁ፣ ፊታቸው ሳይፈታ ነው ሰው በሳቅ የሚገድሉት። ግን ባለፈው መርፌያቸው ላይ ክር ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊትም እኔ ነኝ። ደግሞ ያ ተባይ የጓሯቸውን ቡና እንቡጡንም ጥሬ ፍሬውንም እየመጠጠ ነው ያራገፈባቸው። እኔ «ሲያምር» እያልኩ ስስለው አጠገቤ ቆመው ነበር። ዝም ብለው።

ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የምትባል ሠዓሊ አለች። እንደ አውሮፓውያን በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ልጇን ይዛ ሱሪናም ድረስ ነፍሳት ልትስል የሄደች። እርጥብ ህትመት ላይ ሌላ ወረቀት ተጭኖ የሚወጣ ግልባጭም ነበራት፤ ፈዘዝ ያለ፣ ህትመቱ ያገላበጠው ቀኝና ግራ ወደ ቦታው የተመለሰ። ምን ላወራ ነበር? አዎ፣ ነጠላው! ነጠላው ላይ ቁራጭ ጋሻ ቀርቷል። የዘይት ቀለም ነው፣ ሳሙና አይሰማም። ልጠብልዎት ብል «ተይው» አሉ።

ህትመቱን አልጣልኩትም። አንድ ሰው ከሁሉም መርጦ እሱን ልግዛ አለኝ፤ ጣት ያለበትን! ትንሽ ተናደድኩ፣ እውነት ለመናገር። ዋጋ ሳልጠራ ቀረሁ። የእኔ ሥራ ነው የእሳቸው?

ልጠይቃቸው ይሆን? «እማማ፣ ያኔ የእውነት መስሎዎት ነው?» ይሄ ይጠየቃል እንዴ? ዓይን ሐኪም ጋ እንሂድ ብል ደግሞ «አንቺ ታከሚ» ነው የሚሉኝ። ምናልባት...

አቤት እማማ! መጣሁ!

...መርፌው ይሆናል።