ዳኛው የማን ሰው ናቸው?

በደሴ ከተማ ለዳኞች፣ ለጠበቆች፣ ለሕግ ተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ክቡራን ዳኞች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የሕግ ተማሪ ልጆቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ? አሰላሙ ዐለይኩም።

በጥብቅና ሙያ በኖርኩበት ዘመን ከደንበኞቼ አንደበት አዘውትሬ የሰማሁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዳኛው የማን ሰው ናቸው?»

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ከደላንታ ሌሊት ተነስተው ቢሮዬ መጡ። የእርሻ ድንበር ክርክር ነበራቸው፤ ጉዳዩ በይግባኝ ደሴ ደርሷል። ሰነዶቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረውታል። ቋጠሮውን ፈትተው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን፣ የወረዳውን ፍርድ ግልባጭ፣ የምስክሮቹን ቃል አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። እኔ የይግባኙን ነጥብ ስፈልግ እሳቸው ፊቴን ያያሉ። ቆይተው «ልጄ፣ ዳኛው የማን ሰው ናቸው?» አሉኝ። «የሕግ ሰው ናቸው፣ አባቴ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ወረቀታቸውን መልሰው መጠቅለል ጀመሩ።

መልሴ ባዶ እንደነበረ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። እኚያ ዳኛ በማን እንደታጩ፣ በምን እንደተመዘኑ፣ ስማቸው የዕጩ ዳኞች ዝርዝር ውስጥ እንዴት እንደገባ እኔም አላውቅም ነበር። ጠበቃው የማያውቀውን ነገር ገበሬው እንዲያምን መጠየቅ ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ዝርዝር ነው።

ስለ ዳኝነት ነፃነት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ስልክ ነው። ባለሥልጣኑ ደወለ፣ ዳኛው ፈራ፣ ፍርዱ ተጣመመ እንላለን። ስልኩ ክፉ ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ሰውየው ገና ሲሾም ባለዕዳ ሆኖ ከገባ ደዋይ አያስፈልገውም። ስልኩ ሳይጮኽ ይሰማዋል። ይህን ዕዳ ደግሞ የትኛውም የፍርድ መዝገብ አያሳየንም። የሚታየው ባለጉዳዩ ልብ ውስጥ ነው።

ሕጉ በወረቀት ላይ መጥፎ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤት ከማንኛውም የመንግሥት አካልና ባለሥልጣን፣ ከሌላም ወገን ተጽእኖ ነፃ ነው ይላል። አንቀጽ 81 ደግሞ አሿሿሙን ይዘረዝራል። የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ በርዕሰ መስተዳድሩ አቅራቢነት በክልሉ ምክር ቤት ይሾማሉ። ሌሎቹን ዳኞች የሚያቀርበው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። የጠቅላይና የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዕጩዎች ሲሆኑ ጉባኤው አስቀድሞ የፌዴራሉን አቻውን አስተያየት መጠየቅና አስተያየቱን ከዕጩዎቹ ጋር አያይዞ ለምክር ቤቱ ማቅረብ አለበት። የፌዴራሉ ጉባኤ በሦስት ወር ውስጥ መልስ ካልሰጠ ምክር ቤቱ ሹመቱን ሊያጸድቅ ይችላል። እንግዲህ ሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ዓይን አበጅቶ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ዓይን የሕዝቡ አለመሆኑ ነው። ዝርዝሩ በምክር ቤቱ ስብሰባ ዕለት ከታደለ፣ እጅ ከወጣና ጭብጨባ ከተከተለ፣ የደላንታው አዛውንት የትኛውን መስኮት ከፍተው ይዩ?

ጥሩ ሰው መሾም ብቻውን ይህን አይመልስም። በ2011 ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ ብዙዎቻችን ተደስተናል፤ በቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። በ2015 ለቀቁ። መንገዱ ግን እንደነበረው ነው፤ አንድ ሰው ያቀርባል፣ ምክር ቤት ያጸድቃል። ደጉም ክፉውም የሚገባው በዚያው በር ነው።

ወጣቶች የምታስታውሱት አይመስለኝም እንጂ በ1993 የሆነውን እኛ አንረሳውም። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታስረው ነበር። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛዋ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ተጠርጣሪው ከፍርድ ቤቱ ብዙም ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። ፓርላማውም በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ አወጣ። አቶ ስዬን ውደዱ ጥሉ፣ ያ የናንተ ጉዳይ ነው። እኔ የማስበው በማግስቱ በየወረዳው ችሎት የተቀመጡትን ዳኞች ነው። ለእያንዳንዳቸው መልእክቱ ያለ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉት ዘውድ በነበረበት ዘመን ነበር። ዘውዱ ከሄደ ሃምሳ ዓመት ሆነው፤ ተረቱ ግን እስካሁን ሥራ አልፈታም።

ከሹመቱ በኋላም ዕዳው ይቀጥላል። ዳኛው የቤት መሥሪያ ቦታ የሚጠይቀው ከማን ነው? ከከተማ አስተዳደር። በማግስቱ አንዲት እናት ያንኑ አስተዳደር «ያለ ካሳ አፈረሰብኝ» ብላ ትከስሳለች። ዳኛው ንጹሕ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ንጹሕ መሆናቸውን በዓይኔ ያየሁ ምስክር ነኝ። በጠባብ ክፍል፣ መዝገብ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ፣ በማትበቃ ደመወዝ እየሠሩ ሕሊናቸውን ያልሸጡ ዳኞች በዚህ አዳራሽም ተቀምጠዋል። እኛ ግን ንጹሑን ሰው ማመልከቻ ይዞ ተከሳሽ በር ላይ እንዲቆም አድርገነዋል። ይህ እሱንም መበደል ነው።

አንዳንድ ወጣቶች «እንግዲያውስ ዳኞቻችንን ራሳችን እንምረጥ» ይላሉ። ቁጭታቸው ይገባኛል። ነገሩ ግን ለእኛም አዲስ አይደለም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጆች በኋላ በገበሬ ማኅበርና በቀበሌ የተቋቋሙት ፍርድ ሸንጎዎች ዳኞቻቸው የተመረጡ ነበሩ። እጅ ሲወጣ ማን ማንን እያየ እንደነበር በዚያ ዘመን የኖራችሁ ታውቁታላችሁ።

ሜክሲኮ በግንቦት 2017 ከ2 ሺህ 600 በላይ ዳኞችን በሕዝብ ድምፅ መረጠች። ድምፅ የሰጠው ከመቶ መራጭ 13 ያህሉ ብቻ ነው። የምርጫ ወረቀቱ ላይ የተደረደረውን የስም ብዛት ለይቶ ማወቅ ለመራጩ አስቸጋሪ ነበርና የማንን ቁጥር እንደሚጽፍ የሚነግሩ ብጣሽ ወረቀቶች ሲታደሉ ታይተዋል። እንግዲህ እዚያም ዝርዝር ነበር ማለት ነው፤ ያውም አዘጋጁ ያልፈረመበት።

ከሁሉም የዌስት ቨርጂኒያው ታሪክ ይገርመኛል። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ዳኛ በምርጫ ይሾማል። በዚያች ግዛት አንድ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈርዶበት ይግባኝ ሊል ነው። በመካከሉ እ.ኤ.አ. በ2004 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ምርጫ ደረሰ። የኩባንያው ኃላፊ አንዱን ዕጩ ለማስመረጥ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል አፈሰሰ። ዕጩው አሸነፈ። ይግባኙ ፊቱ ሲቀርብ ተከራካሪው ወገን «ይነሱልን» ብሎ ለመነ፤ ዳኛው ግን «አልነሳም፣ አላዳላም» አለ። ፍርዱ 3 ለ 2 ተሻረ፤ እሱም ከሦስቱ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አየና ዳኛው መነሳት ነበረበት ሲል ወሰነ። ልብ በሉልኝ፤ ዳኛው በልቡ ያዳላ እንደሆነ መመርመር አላስፈለገም። ያን ያህል ውለታ ካለበት ወንበሩ ላይ መቀመጡ ራሱ ባለጉዳዩን ፍርድ ይነሳዋል ነው የተባለው። ይህም ቢሆን የተወሰነው 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ አገሬ ነው። በልጅነቴ አያቴ መንደር የደም ነገር ሊታረቅ አስታራቂዎቹ አባጋሮች ተጠርተው፣ ሼኩም ቄሱም ዋርካ ሥር ተቀምጠው ነበር። ወጉ ሊጀመር ሲል አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። «ልጄን ለነዚህ ሰዎች ድሬያለሁ፤ ከዚህ ነገር አውጡኝ» ብለው ከክቡ ወጥተው ፀሐይ ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ። «ያዳላሉ» ያላቸው ሰው አልነበረም። የሁለቱ ወገኖች ፊት ሲፈታ ግን ሕፃን ሆኜ እንኳ አይቻለሁ።

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ይህንኑ በሕግ ቋንቋ አስፍሮታል። ዳኛው ከተከራካሪው ወይም ከጠበቃው ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለው፣ ቀድሞ ጠበቃው ከነበረ፣ ወይም በጉዳዩ አስቀድሞ ዳኛ ሆኖ ካየው ከችሎት ይነሳል። «ሌላ በቂ ምክንያት» የሚልም አለበት። እኔ የምለው ለሹመት ያበቃ ውለታ ከአማችነት በምን ያንሳል? ያጨህ ሰው ባለጉዳይ ሆኖ ሲመጣ፣ የትናንት የፓርቲ ጓደኛህ ተከሳሽ ሆኖ ሲቆም ተነሥ። ዳኛ የፓርቲ አባል እንዳይሆን ሕጋችን ከልክሏል፤ የአባልነት ደብተሩን ትናንት መልሶ ዛሬ ካባ የለበሰውን ግን ዝም ብለን ስናልፈው ኖረናል።

የደላንታው አዛውንት ጉዳይ እንዲህ ሆነ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኛው መዝገቡን ከፈቱና «ከመልስ ሰጪው ጋር በአንድ ሠፈር አድገናል፤ መዝገቡ ለሌላ ችሎት ይመራ» አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። አዛውንቱ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ምን አሉ?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። በሌላው ችሎት ተከራክረን ተረታን። ፍርዱን ከነምክንያቱ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለው ግልባጩን አጣጥፈው ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። የማን ሰው ናቸው ብለው ዳግመኛ አልጠየቁኝም።

በዚህ አዳራሽ የምክር ቤት አባላት እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሚቀጥለው የዕጩ ዳኞች ዝርዝር ሲመጣላችሁ ከምክር ቤቱ ስብሰባ ሳምንታት ቀድሞ በየፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ ጠይቁ፤ ዕጩው ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደተመዘነና ማን እንዳቀረበው ይጻፍበት። የፌዴራሉ ጉባኤ የሰጠው አስተያየት ካለ ይነበብላችሁ፤ ከሌለ ለምን እንደሌለ ይነገራችሁ። ይህ ሳይሆን እጅ አውጡ ከተባላችሁ እጃችሁን አታውጡ። ተማሪዎች ደግሞ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ሄዳችሁ አንብቡ፤ የምታውቁት ነገር ካለ በስማችሁ ፈርማችሁ አስገቡ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።