በትንሽ መኪና ውስጥ ሲታደር ዕቃው የት ይቀመጥ?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ የማካፍላችሁ፣ መኪናው ውስጥ እያደረ መጓዝ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያስጨንቀውን የዕቃ ቦታ ጉዳይ ነው። እኔ ከምኖርበት ከሰሜን ቨርጂኒያ ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ስወጣ የማድረው በቶዮታ ራቭ ፎር ውስጥ ስለሆነ፣ የምናገረውም በእርሷ ልክ ነው።

የመኪናዋ ርዝመት 4.6 ሜትር ያህል ቢሆንም፣ የኋላ ወንበሮቹ ታጥፈው ፍራሽ ሲዘረጋ፣ ቀን ዕቃ የተጫነበት ቦታ ማታ መኝታ ይሆናል። ስለዚህ ዕቃ ስጭን አስቀድሜ የማስበው፣ ማታ ከቦታው የሚነሣው የትኛው እንደሆነና የማይነሣው የትኛው እንደሆነ ነው። ከአንድ ሻንጣ በላይ የሚያስነሣ አጫጫን፣ በተለይ ዝናብ ሲጥልና ሲጨልም፣ ሰውን ያማርራል።

ከሁሉም የምወደው ቦታ ከፊት ወንበሮች ጀርባ ያለው ነው። ወንበሮቹ ወደ ፊት ሲሳቡ፣ የኋላ ተሳፋሪ እግሩን በሚያሳርፍበት በኩል ጥልቅ ክፍተት ይፈጠራል፤ ብዙ ሰው ይህንን ክፍተት የሚያየው ፍራሹን የሚያጎድል እንከን አድርጎ ነው። እኔ ግን የውኃውን ጀሪካንና የድስቱን ሣጥን እዚያ አስገብቼ በላዩ ላይ ጣውላ አጋድማለሁ፤ ጣውላው የፍራሹን ራስጌ ይሸከማል፣ ከባዱም ዕቃ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት አይወረወርም። ጀበናዬ ደግሞ አንገቷ እንዳይሰበር በጋቢ ተጠቅልላ በትልቁ ድስት ውስጥ ትጓዛለች፤ ማታ ጋቢው ወደ እኔ ይመጣል፣ ጀበናዋም በድስቱ ውስጥ ትቀራለች። ሁለት ሥራ የሚሠራ ዕቃ የራሱን ቦታ ይዞ እንደሚመጣ ያስተማረኝ ይህ ጋቢ ነው።

ልብሴን በሻንጣ ፈንታ በጨርቅ ከረጢት እይዛለሁ፤ ማታ የሚነሣው እርሱ ብቻ ነው፣ ማደሪያውም የተሳፋሪው ወንበር ነው። የሾፌሩ ወንበር ግን ምንም ዓይነት ዕቃ ሊቀመጥበት አይገባም፤ ሌሊት መሄድ ግድ ቢሆን በር ሳልከፍት መሪው ጋ መድረስ አለብኝና። ከኋላ በሮች በላይ ባሉት የእጅ መያዣዎች መካከል የተወጠረ መረብ የእጅ ባትሪን፣ ካልሲንና መነጽርን ይይዛል። ፖርቶ መጋላ ላይ መጫን ብዙም አይማርከኝም፤ ነዳጅ ያስበላል፣ በማኑዋሉ የተፈቀደውም ክብደት ውስን ነው። ስኮርታው ያለው በዕቃ ክፍሉ ወለል ሥር በመሆኑ፣ በላዩ ላይ የማይነቀል ሣጥን ማሠራትንም አልመክርም፤ ጎማ ሲተነፍስ ጓዙን ሁሉ መንገድ ዳር ማውረድ ይመጣልና።

ምግብን በተመለከተ ቦታውን የሚወስነው የፓርኩ ደንብ ነው። በሸናንዶዋ ጥቁር ድቦች ስላሉ፣ ምግብና ሽታ ያለው ነገር ሁሉ፣ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ ውጭ መተው የለበትም፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። በካሊፎርኒያው ዮሰማይት ግን ሌሊት ምግብን መኪና ውስጥ ማሳደር የተከለከለ ነው፤ ለዚሁ በተዘጋጁት የብረት ሣጥኖች ውስጥ መቆለፍ ግዴታ ነው። ስለዚህ የምግብ ሣጥናችሁ በአንድ እጅ ተነሥቶ የሚወጣ ቢሆን ይመረጣል።

የረጠበ ጫማና ጃኬት ከፊት በተሳፋሪው እግር ሥር፣ በላስቲክ ሳፋ ውስጥ ይደር። የሰው ትንፋሽ ብቻውን መስታወቱን በጤዛ ስለሚሸፍነው፣ ሁለት መስኮቶችን በትንሹ ከፈት አድርጋችሁ ተኙ፤ ፍራሹም የኋላውን መስታወት እንዳይነካ አድርጉ፣ ከነካ ጠርዙ እስኪነጋ ይርሳል። ምድጃ ግን፣ ዝናቡ ምንም ቢበረታ፣ በመኪና ውስጥ ፈጽሞ አይለኮስም፤ ከምድጃው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ይገድላል።