ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ከደሴ ለምን ይጠፋል?

[ምስል፦ ከጦሳ ተራራ ወደ ታች፤ የደሴ ቆርቆሮ ጣሪያዎች በጠራ ሰማይ ሥር]

ተራኪ፦ ሰኔ እየተጋመሰ ነው። አዲስ አበባ ጃንጥላ ዘርግታለች፤ ጅማና ነቀምት ክረምቱ ከገባባቸው ሰነባብቷል። ደሴ ግን ገና አቧራ ላይ ናት። ከመናኸሪያ የወረደ የአዲስ አበባ እንግዳ ካፖርቱን በክንዱ አንጠልጥሎ «እናንተ ዘንድ ክረምት የለም እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም። አለ፤ መንገድ ላይ ነው እንጂ።

[ግራፍ፦ የኮምቦልቻ ወርኃዊ ዝናብ፣ በፈረንጆች ወራት]

ተራኪ፦ ግራፉ የደሴ ጎረቤት የኮምቦልቻ ነው፤ ከግራ እንጀምር። ማርችና ኤፕሪል ላይ አንድ ጉብታ አለ፤ ይህ በልግ ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ የሚታየው ትልቁ ጉብታ ክረምት ነው። በመካከላቸው ጁን፣ ማለትም ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23 ያለው ጊዜ፣ የወለቀ ጥርስ መስሎ ጎድጉዷል። በአማካይ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚዘንበው። በቀጣዩ ወር ግን ወደ 250 ይዘልላል።

አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በዚያ አንድ ወር 10 ሺህ ሊትር ይወርዳል። ይህን ሁሉ ወደ ቦይ ለቅቀን በየካቲት ጀሪካን ይዘን ቦኖ ላይ የምንሰለፍበት ነገር ለሌላ ቪዲዮ ይቆየን።

[ካርታ፦ ኢትዮጵያ፤ የ11 ዲግሪ መስመር በደሴና በባሕር ዳር አቅራቢያ ያልፋል]

ተራኪ፦ ዝናቡ ለምን ሁለት ጊዜ ይመጣል? ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቷ ታልፋለች፤ ሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ አካባቢ። የዝናቡ መቀነት ደግሞ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። «ሁለት ፀሐይ፣ ሁለት ዝናብ» ብሎ መገላገል ያጓጓል። ግን ባሕር ዳርም ከዚህ ኬክሮስ ብዙም አትርቅም፤ የዝናብ ወቅቷ ግን አንድ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ነፋሱና ተራራው ናቸው።

[ካርታ፦ ቀስቶች ከሕንድ ውቅያኖስና ከዐረቢያ ባሕር ወደ ወሎ]

ተራኪ፦ በበልግ እርጥቡ አየር ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ ይነሣል። የወሎ ምሥራቃዊ ገደላማ ጠርዝ ፊቱን ወደዚያ ስለሰጠ ሽቅብ ይገፋዋል፤ አየሩ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል። ግንቦት ማብቂያ ላይ ይህ ፍሰት ይዳከማል። የክረምቱ ዋነኛ እርጥበት ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ ቀድሞ የሚያርፈው በምዕራቡ ደጋ ላይ ነው። ምሥራቃዊው ጠርዝ መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል፤ መስከረም ላይም ቶሎ ይለየዋል። ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ክረምትን የምትጀምረው ሰኔ 26 ነው፤ ለአዲስ አበባ የዘገየ ቢመስልም ለደሴ ልክ ይሆናል። «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» የሚለውን ግን እዚህ አትመኑ። ነሐሴ 13 ላይ ደሴ ገና ከዝናቡ መሐል ናት።

[ምስል፦ ከሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ]

ተራኪ፦ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ከ600 ሜትር ይበልጣል። ታች ይሞቃል፣ ዝናቡም ጥቂት ይቀንሳል። የቦርከና ወንዝ ላዩንና ታቹን ስለሚያገናኝ ኮምቦልቻ ሳይዘንብ ወንዙ ሊሞላ ይችላል።

[ምስል፦ የገብስ ማሳ፤ ከዚያ የማሽላ ማሳ]

ተራኪ፦ የሰኔ ድርቀት ለሁሉም ክፉ አይደለም። በደጋው የበልግ ገብስ የዘራ ገበሬ እህሉ የሚደርስበት ጊዜ ነውና ፀሐዩን ይፈልገዋል፤ ሐምሌ ካጥለቀለቀው ገብሱ አውድማ ሳይደርስ ይበላሻል። በኮምቦልቻ ዙሪያ ባለው ቃሉ ወረዳ ያለው የማሽላ ገበሬ ግን ቡቃያው ሰኔን እንዲሻገርለት ሰማይ ሰማይ ያያል። ማሽላ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ በሚያዝያ መዘራት አለበት። በልጉ ከቀረ ማሽላውን ትቶ ሐምሌ ላይ ጤፍ ይዘራል፤ አገዳ ለከብቱ፣ ማገዶም ለቤቱ የሚያጎድል ለውጥ ነው።

ይህም ቢሆን ክረምቱ ሲመጣ ነው። በልግ ከክረምት ይልቅ አመለኛ ነው፤ አንድ ዓመት ያጠግባል፣ በሌላው ጭራሽ ይቀራል። ክረምቱን ደግሞ ኤልኒኖ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው በላይ መሞቅ፣ ያዳክመዋል። በ2007 ዓ.ም. ሁለቱም በአንድ ዓመት ተገናኙ፤ በልጉ ሳይሆን ቀረ፣ ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ሳይጠግብ ወጣ። በዚያ ዓመት ከማሽላ ወደ ጤፍ መዞርም ብዙዎችን አላዳነም።