ውሃ አፍስሳችሁ ግዙ፦ ለጎንደር ክረምት የሚሆን የመኪና ምንጣፍ

[የመኪና በር ይከፈታል። ካሜራው ከሹፌሩ ወንበር ፊት የተነጠፈውን ጥቁር የጎማ ምንጣፍ ያሳያል።]

ጤና ይስጥልኝ። ይህ በእጄ የያዝኩት አንድ ሊትር የሃይላንድ ውሃ ነው። ልጠጣው አይደለም። ሙሉውን እዚህ ምንጣፍ ላይ ላፈሰው ነው።

[ውሃው ይፈሳል። ምንጣፉ ላይ እንደ ኩሬ ይተኛል።]

አትሳቀቁ፣ መኪናው የራሴ ነው። ውሃው እዚሁ ይቆይ። ቪዲዮው ሲያልቅ ቀድተን እናወጣዋለን፣ ምንጣፉንም አንስተን ከስሩ ያለውን እናያለን።

የጎንደርን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ፋታ አይሰጥም። ከተማው ውስጥ ኮብልስቶኑ ያድናችሁ ይሆናል። ወደ ደምቢያ ወረድ ካላችሁ ግን የሚጠብቃችሁ ዋልካ ነው። ዋልካ ደግሞ እንደ ሌላው ጭቃ አይደለም፣ ከጫማ ጋር ይጋባል። አንድ አባት ኮንጎ ጫማቸውን አድርገው ጋቢና ሲገቡ የማሳውን ሩብ ይዘው ነው የሚገቡት። «አባቴ፣ ጫማዎን ያራግፉልኝ» ይባላል እንዴ? ነውር ነው። ስለዚህ ቻዩ ምንጣፉ መሆን አለበት።

ብዙ ሰው ምንጣፍን እንደ ጌጥ ነው የሚያየው። ከስሩ ያለውን አይቶት ስለማያውቅ ይመስለኛል። ከመኪናው ጋር የመጣ ስስ የወለል ልብስ አለ። ከሱ ስር ድምፅ የሚያፍን ስፖንጅ ወይም የተጠቀጠቀ ክር አለ። ከዚያ በታች ላሜራው ነው። ውሃ አንዴ ስፖንጁ ውስጥ ከገባ፣ ላይኛው ቢደርቅም ታችኛው እንደራሰ ይከርማል። በተለይ በእኛ ብርድ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ክረምት ላይ እንኳን ስፖንጅ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላም አይደርቅም።

እኔ ይህን የተማርኩት በአፍንጫዬ ነው። አንድ ክረምት ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ ጉም ይለብስብኝ ጀመር። በሶፍት እጠርገዋለሁ፣ ተመልሶ ይጋረዳል። መኪናው ሳይደርቅ ታጥፎ የከረመ ጋቢ ይሸታል። በመጨረሻ ወንበሩን አስፈትቼ የወለሉን ልብስ አስነሳሁ። ስፖንጁ ሲጨመቅ ውሃው ወረደ። ላሜራው ላይ የመዳፌን ግማሽ የሚያህል ዝገት ተቀምጧል። መካኒኩ አየት አደረገኝና «ወንድሜ፣ ጎመን ዝራበት» አለኝ። ሳቅሁ፣ ሒሳቡ ሲመጣ ግን ሳቁ ቆመ። ወንበር ስር የሚያልፉ ሽቦዎችና ሶኬቶች እንዳሉም ያን ቀን ነው ያየሁት።

[ሦስት ዓይነት ምንጣፎች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል።]

እሺ፣ ምን እንግዛ? ሻጮቹ «ኦል ዌዘር» የሚሉት ለክረምትም ለበጋም የሚሆነውን ነው። እኛ አገር ይህ ስም ትርጉም አለው። ደባርቅ ብርድ ውስጥ ያደረ መኪና፣ ሌላ ቀን መተማ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ርካሹ፣ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ፣ በብርዱ ይገግራል፣ በሙቀቱ ይሸታል፣ ጫፉም ይጠቀለላል። የተጠቀለለ ጫፍ ደግሞ እግር ይይዛል።

እውነተኛው ጎማ ከባድ ነው። ክብደቱ ይጠቅማል፣ ከቦታው አይንሸራተትም። መጀመሪያ ላይ ይሸታል፣ ከዚያ ይለቃል። ቲፒኢ የሚሉት ፕላስቲክ ቀለል ይላል፣ በብርድም በሙቀትም አመሉን ብዙ አይቀይርም። ሱቅ ውስጥ ጥግ ጥጉን አጠፍ አድርጋችሁ ልቀቁት። ወደ ቦታው ከተመለሰ ጥሩ ነው። የእጥፋቱ ነጭ መስመር ከቀረ ተዉት።

ኢቪኤ ሦስተኛው ነው። የስፖርት ጫማ ሶል የሚሠራበት ዓይነት ነው፤ ላዩ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ለበጋ አቧራና ለትንሽ ዝናብ ግሩም ነው። ዋልካ ሲገባበት ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ የጭቃ ሸክላ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ብቻ ከነዳችሁ ውሰዱት። ገጠር የምትወጡ ከሆነ ሰፋ ሰፋ ያለ ቦይ ያለውን ጎማ ወይም ቲፒኢ ምረጡ።

አሁን ጠላት ላፈራ ነው። ያ በክር የተሰፋው፣ ወለሉን በሙሉ የሚያለብሰው፣ «ፋይቭ ዲ» የሚሉት የቆዳ መሳይ ምንጣፍ ያምራል። አልክድም። ግን በስፌቱ ቀዳዳ ውሃ ይገባል፣ ውስጡ ደግሞ ስፖንጅ ነው። ከወለሉ ስፖንጅ ያዳናችሁትን ውሃ ሌላ ስፖንጅ ውስጥ አስቀመጣችሁት ማለት ነው። ውፍረቱም ከፔዳሉ ስር ቦታ ይሻማል። ለሠርግ መኪና ይሁን።

[ካሜራው ወደ ምንጣፉ ጠርዝ ይጠጋል።]

ጠርዙን እዩልኝ። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 40 ስፋት ያለው ምንጣፍ፣ ጠርዙ 1 ሳንቲ ቢሆን 2.4 ሊትር ውሃ ይይዛል። ያ ግን ሜዳ ላይ ነው። ጎንደር ውስጥ ሜዳ የት አለና! ዳገት ስትወጡ ውሃው ሁሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አንዱን ጠርዝ ዘልሎ ይወጣል። ስለዚህ 2 ሳንቲ ገደማ ከፍታ ያለው ጠርዝ ፈልጉ። ለኋላ ወንበርም እንዲሁ። ለጥምቀት ጠላ በጄሪካን ጭኖ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደምል ገብቶታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እስካሁን ያወራነው ስለ ሽታና ስለ ዝገት ነው፤ ይህኛው ስለ ሕይወት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ፣ ሳን ዲዬጎ አካባቢ፣ አንድ ሌክሰስ ኢኤስ 350 ነዳጅ ፔዳሉ ተይዞ አልቆም ብሎ 4 ሰዎች ሞቱ። መኪናው ውስጥ የተገኘው ኦል ዌዘር የጎማ ምንጣፍ የዚያ መኪና አልነበረም። አርኤክስ ለሚባለው ለሌላው የሌክሰስ ሞዴል የተሠራ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የሌክሰስ አምራች ቶዮታ አሜሪካ ላሉ 3.8 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች ባለቤቶች የሹፌሩን ምንጣፍ እንዲያወጡ ነገራቸው። ምንጣፉ ጥራት ያለው ነበር። የሌላ መኪና መሆኑ ነው ችግሩ።

እኔም ቀምሼዋለሁ። ከጎሃ ቁልቁለት ስወርድ ፍሬን ረገጥኩ፣ ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ለካ በአሮጌው ምንጣፍ ላይ የደረብኩት አዲሱ ተንሸራትቶ ከስሩ ገብቷል። በተረከዜ ጎትቼ አወጣሁት። ላቤ ግን ቤት እስክደርስ አልደረቀም። ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ አይደረብም። ካርቶንም እንደዚያው። ክረምት ላይ ጋቢና ውስጥ ካርቶን የምታነጥፉ ወንድሞቼ፣ እናንተን ነው።

[ሞተሩ ጠፍቷል። የሹፌሩ እግር ብቻ ይታያል።]

ሞተሩን አጥፉ። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ልቀቁ። ምንም ሳይነካ መመለስ አለበት። አሁን ምንጣፉን በተረከዛችሁ ወደ ፊት ግፉና ድገሙት። ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑንም እንዲሁ ሞክሩ። አንድ ቦታ ቢነካ ያ ምንጣፍ የእናንተ አይደለም። ሻጩ «ትንሽ ቆረጥ ብናደርገው» ሊላችሁ ይችላል። የተቆረጠ ጠርዝ ውሃ አይዝም፤ ምንጣፉን የሚይዘው ቀዳዳም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ያ ቀዳዳ ለመንጠቆው ነው። አብዛኛው መኪና ከሹፌሩ ወንበር ፊት ወለሉ ላይ አንድ ወይም ሁለት መንጠቆ አለው። የእኔ አንዱ ላቫጆ ቀርቷል፣ መቼ እንደሆነ እንጃ። እናንተም ሂዱና እዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጃፓን ገበያ የመጣ ምንጣፍ መሪው በቀኝ ለሆነ መኪና የተቆረጠ ነው። የሞዴሉ ስም አንድ ቢሆንም ለእኛ የግራ መሪ አይገጥምም፣ የፔዳሉ ቅርጽና መንጠቆው በሌላው በኩል ነው። አራዳ ገበያ ስትሄዱ በሞዴሉ ስም ብቻ አትግዙ። መኪናዋን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው አንጥፋችሁ ሞክሩ። ዋጋ አልናገርም። ይህ ቪዲዮ ሳይወጣ ይቀየራል።

ነዳጅ ፔዳል ከተያዘባችሁስ? ፍሬኑን አጥብቃችሁ ርገጡ፣ ረገጥ ለቀቅ አታድርጉት። ማርሹን ወደ ዜሮ አምጡ። ዳር ይዛችሁ ከቆማችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፉ። መኪናው እየሄደ ቁልፉን እንዳትነቅሉ፣ መሪው ይቆለፋል።

እጥበቱ ቀላል ነው። ውሃ፣ ትንሽ ላርጎ፣ ብሩሽ፣ ከዚያ ጥላ ላይ ማድረቅ። የላቫጆ ልጆች ጎማ የሚያስውቡበትን ቅባት ምንጣፉ ላይ ሲቀቡ ግን «ተው» በሏቸው። ያብረቀርቃል፣ እግርም ያንሸራትታል።

[ካሜራው ወደ መጀመሪያው ምንጣፍ ይመለሳል። ውሃው አሁንም ተኝቷል።]

ውሃችን አለ። በኩባያ ቀድቼ ላውጣው… የቀረውን በጨርቅ… አሁን ላንሳው። ሶፍት ስጡኝ።

[ሶፍቱ የወለሉ ልብስ ላይ ይጫናል።]

ደረቅ። እዚህም ደረቅ። እዚህ… ቆይ። ከተረከዜ ቦታ ስር የሃምሳ ሳንቲም የምታህል እርጥበት አለች።

[ምንጣፉ ወደ ብርሃን ይነሳል። በቀጭን ቀዳዳ ብርሃን ያልፋል።]

አያችሁ? ተረከዜ በልቶታል። ነገ አራዳ ነኝ።