የበረሃዋ ትንሽዬ የእሳት እራት እና ዛፏ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሰላም ለሁላችሁም። ማታ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲል ወንበር አውጥተን ደጅ ስንቀመጥ አምፖሉን የሚዞሩት የእሳት እራቶች አሉ አይደል፣ ስትይዟቸው ጣታችሁ ላይ ዱቄት ነገር የሚቀር፣ ያ ዱቄት እኮ የክንፋቸው ቅርፊት ነው፣ በጣም ደቃቃ ቅርፊት። ዛሬ የማወራችሁ ግን አሜሪካ ሞሃቪ በረሃ ስላለችው ነው፣ የዩካ የእሳት እራት ይሏታል፣ እንደሷ ያስገረመኝ ነፍሳት የለም።

(ምስል፦ ጆሹዋ ትሪ ከነአበባው)

ይሄ ዛፍ ጆሹዋ ትሪ ይባላል፣ ዩካ ከሚባሉት ሹል ቅጠል ያላቸው ተክሎች ወገን ነው፣ ከድሬ ዝቅ ካለ ቦታ ጀምሮ የሐረርን ከፍታ እስከሚጠጋ ተራራ ድረስ ይበቅላል። ንብ አይደለችም ፍሬ የምታስይዘው፣ ንፋስም አይደለም፣ ይቺ ጥፍር የምታክል እራት ናት።

(ምስል፦ የእራቷ አፍ በቅርበት)

አፏ ጋ እዩልኝ፣ እንደ ጣት የሚተጣጠፉ ቀጫጭን ነገሮች አሏት፣ ሴቷ በነሱ የአበባውን ዱቄት ትሰበስብና ልክ ሊጥ እንደሚድቦለቦለው አድቦልቡላ አገጯ ስር ትይዘዋለች። ከዛ ሌላ አበባ ውስጥ ገብታ ዘር የሚያዝበት ቦታ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ቀጥሎ የምታደርገው ነው ጉድ የሚያሰኘው፣ ወደ አበባው እምብርት ወጥታ ከያዘችው ዱቄት ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረች ትጠቀጥቅበታለች። ንብ ዱቄቱ ገላዋ ላይ ስለተጣበቀ ነው ሳታስበው የምታደርሰው፣ ይቺ ግን ስራዬ ብላ ነው፣ ደግሞ እሷ ራሷ ከአበባው ምንም አትቀምስም። ልጆቿ የሚበሉት ዘሩን ስለሆነ አበባው ዘር ካልያዘ ያልቁባታል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈሉት ትሎች ዘሩን የተወሰነውን ይበላሉ፣ የተረፈው ለዛፉ ነው። አንዳንድ የዩካ አይነቶች ላይማ እንቁላል የበዛበትን አበባ ተክሉ ራሱ ያረግፈዋል፣ ስግብግብነት አያዋጣም ማለት ነው።

የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን በ1874 እ.ኤ.አ. ስለዚች እራት ደብዳቤ ሲፅፍ፣ ስለ አበባ ፍሬ አያያዝ እስካሁን ከታተመው ሁሉ የሚደንቀው ይሄ ነው ብሏል፣ እውነቱን ነው።

(ምስል፦ ደረቅ አፈር)

ትሎቹ ሲጠግቡ ወርደው አፈር ውስጥ ይቀበራሉ፣ በሐር ተጠቅልለው ይተኛሉ። ጆሹዋ ትሪ ደግሞ በየዓመቱ አያብብም፣ ስለዚህ ይጠብቃሉ። ፕሮዶክሰስ የምትባል ትንሽ ዘመዷ ደግሞ ትሏ ተክሉ ውስጥ ተኝታ ነው የምትቆየው፣ ተመራማሪዎች ሰብስበው ካስቀመጧቸው መካከል ከ30 ዓመት በኋላ ክንፍ አውጥተው የወጡ አሉ።